ጥገኛ ብዬ የጻፍኋቸው እናት

የሦስት ወር ድካሜን ያቃጠልሁት በገዛ እጄ ነው። አሥራ አራት የስምምነት ቅጾች፣ ሁለት ወፋፍራም ደብተሮችና በእጄ የሣልሁት አንድ የቀበሌ ካርታ ነበሩ። ክረምት ስለነበር ወረቀቱ እርጥበት ይዞ ቶሎ አልነድ አለኝ። ከወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል። እናቴ ስንቃችንን በነጠላዋ ቋጥራ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ከጓሯችን ማንጎ ሥር ተንበርክኬ ገጽ በገጽ እየገነጠልሁ እሳቱ ላይ እጥላለሁ።

«አሁንም ትምህርት ነው?» አለችኝ።

«ይኼም የትምህርቱ ሥራ ነው» አልኋት። አልገባትም፤ ለማስረዳትም ጊዜ አልነበረም።

በዚያ ጊዜ መርሳ ላይ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ሰባት ዓመት አልፎኝ ነበር። ባለሙያ ይባል እንጂ ውሎዬ ቅጽ መሙላትና ደብዳቤ መምራት ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከገጠር ቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ጉዳዩ የእኛ አይደለም ብዬ ወደ ሌላ ቢሮ ላክኋቸው። ያ ቢሮ መልሶ ወደ እኔ ላካቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ እንግዲህ ይኼን ከመግነዜ ጋር ላስቀምጠው?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ምክር የሚጠይቁኝ ነበር የሚመስሉት። በዚያው ዓመት በሶሻል ወርክ ለሁለተኛ ዲግሪ ተመዘገብሁ።

ቅዳሜና እሑድ ወልድያ ነበር የምማረው። ማለዳ መርሳ መናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ፣ ሲሪንቃ የምርምር ማዕከሉን የማሽላ ማሳ በመስኮት እያየሁ፣ ጭኔ ላይ የዘረጋሁትን ንባብ ሳልጨርስ ወልድያ እደርሳለሁ። ከክፍላችን በዕድሜ ትልቋ እኔ ነበርሁ። እንግሊዝኛዬ ዝጓል። የመጀመሪያው ፈተና ላይ የወደቅሁ ያህል ነበር። በሁለተኛው ግን ከፍ ብዬ አለፍሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ አላልሁም።

ለመመረቂያ የመረጥሁት ርዕስ ልጆቻቸው ርቀው ብቻቸውን ስለሚኖሩ አረጋውያንና ቅሬ ስለሚያደርግላቸው ድጋፍ ነበር። ቅሬ በእኛ አገር የቀዬ ሰው ለቅሶና ደስታ የሚረዳዳበት ማኅበር ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይሆናል፣ ሟቹን እንደየሃይማኖቱ ይቀብራል፣ የታመመውን ይሸከማል። ከመርሳ ወጣ ብሎ ከአስፋልቱ በሚገነጠል የእግር መንገድ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መንደር መረጥሁ። አሥራ አራት አረጋውያን ሊያናግሩኝ ፈቀዱ።

ከእነሱ አንዷ ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው ሙስሊም እናት ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል። ሁለት ሴት ልጆቻቸው ዓረብ አገር ናቸው። ተሰብሮ በትክክል ያልገጠመ እግር ስላላቸው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ውኃ ማን ይቀዳልዎታል፣ ስንት ጊዜ ይበላሉ፣ ሲያምዎት ማን ይደርሳል ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁሉንም መለሱልኝ፣ ቅጹ ላይም በአውራ ጣታቸው ፈረሙልኝ። ማታውኑ ደብተሬ ላይ፣ «ተሳታፊ ሰባት፣ በጎረቤትና በቅሬ የምትደገፍ ጥገኛ» ብዬ ጻፍሁ። የልፋቴን ያህል ጥሩ አድርጌ የመደብኋቸው መስሎኝ ነበር።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቀርብ ያስጨነቀኝ የነዚህ ሰዎች ስም ነው። ደብተሩ ውስጥ የማን ልጅ የት እንዳለ፣ ማን ወታደር እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀያየመ ሁሉ አለ። ተፈትሾ ቢገኝ ምን ዓይነት ዝርዝር ነው ይባላል? ልቅበረው ብዬ ነበር፤ የተቀበረ ነገር ግን የሚያወጣው አያጣም። አማካሪዬ በመጀመሪያው ቀን፣ «የሰው ስም አደራ ነው፤ መጠበቅ ካልቻልሽ አትቀበዪ» ብለውኝ ነበር። ስለዚህ አቃጠልሁት። ስልኬ ላይ የቀዳሁትንም ድምፅ አጠፋሁ።

ከዚያ እናቴን ደግፌ ወጣሁ። መንገዱ ከብት፣ ፍራሽ የተጫነበት ጋሪ፣ ልጅ ያዘለ ሰው ነው። ወደ ደቡብ ስንሄድ ወደ መንደሩ የሚገነጠለው መንገድ ዘንድ ደረስን። ቆም አልሁ። ወደዚያ የሚገባ ሰው አልነበረም፤ የሚወጣ ብቻ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ሰማዩ ዝናብ አርግዟል። አልታጠፍሁም።

ደሴ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠለልን። በኋላ ከደሴም ተነሥተን ደብረ ብርሃን ደረስን። ብርዱ እናቴን ክፉኛ ጎዳት። እኔ ቁጭ ብሎ መዋሉ ስላልሆነልኝ በመጠለያው የተፈናቃይ ምዝገባ ላይ በፈቃደኝነት ሠራሁ። አረጋውያንን እንድመዘግብ ተሰጠኝና በአንድ ነገር ተገረምሁ፤ ከወረዳችን ከሀብሩ ከመጣው ሕዝብ ውስጥ ሽማግሎችና አሮጊቶች በጣም ጥቂት ነበሩ።

«እናታችሁስ?» ብዬ አንዱን ጎልማሳ ጠየቅሁት።

«ቤት ትጠብቃለች» አለኝና ፊቱን አዞረ።

ሌላዋንም ጠየቅሁ፤ መልሷ ያው ነው። ቤት ይጠብቃሉ። እኔ ጥገኛ ያልኋቸው ሰዎች፣ ሁላችንም ጥለን የወጣነውን አገር ይጠብቃሉ ማለት ነው። አንድ የተማሪ ደብተር ገዛሁና የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ማን ቀረ? ምን ሠራ?» ብዬ ጻፍሁ። ያን ቀን ትምህርቴን እንደማልተው አወቅሁ። መቼና በምን እንደምጨርስ ግን አላውቅም ነበር።

መርሳ ነፃ ወጣች ሲባል ከመጀመሪያዎቹ ተመላሾች ጋር ገባን። የቤታችን በር ተገንጥሏል፤ ጣሪያው ደኅና ነው። ቢሮዬ ግን ወረቀት ረግጦ የሚገባበት ሆኗል። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች የጻፍሁበት ላፕቶፕ ከነጠረጴዛው የለም። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ወፍጮ ቆሟል። ሰው ማሽላ ቀቅሎ ይበላል።

መንገድ ሲከፈት ወልድያ ሄጄ አማካሪዬን ፈለግሁ። መስኮቱ በረገፈ ክፍል ውስጥ፣ ወለል ላይ የተበተኑ መጻሕፍትን እየለቀሙ አገኘኋቸው። ከስተዋል። ሁለት ብሎኬት አምጥተው ተቀመጥን።

«ሁሉንም አቃጥያለሁ» አልኋቸው።

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «አሁን ርዕስ ቀይሪ። ከመጻሕፍት ብቻ የሚሠራ ነገር እሰጥሻለሁ፤ በሦስት ወር ትጨርሻለሽ። ማንም አይፈርድብሽም።»

«እኔ እፈርዳለሁ።»

«ሰዎቹ ሐዘን ላይ ናቸው። በጥያቄ ቁስላቸውን ልትነኪ ነው?»

ይኼኛው ትክክል ነበር። መንገዱን ሁሉ ሳስብበት የመጣሁት ነገር ነው። «መጀመሪያ ለቅሶ እደርሳለሁ» አልኋቸው። «ደብተር ሳልይዝ፣ ምንም ሳልጠይቅ። መናገር ከፈለጉ ያኔ ከእርስዎ ጋር እንመካከራለን። ካልፈለጉ የሚሰጡኝን ርዕስ እሠራለሁ።»

«አንድ ወር» አሉ። «አንድ ወር ሙሉ እርሳስ እንዳትይዢ።»

በማግሥቱ ወደ መንደሩ ሄድሁ። መጀመሪያ የገባሁት ማኅበሩን የሚመሩት የቅሬው ዳኛ ቤት ነው። ረጋ ያሉ፣ ንግግር የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። ከአሥራ አራቱ ሦስቱ መሞታቸውን ነገሩኝ። አንደኛው መድኃኒት አጥተው ነው፣ የስኳር ሕመም ነበረባቸው። ሁለቱን ስለ ምን እንደሞቱ አላብራሩልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሦስቱም ቤት እየዞርን ተቀመጥን። ያን ወር በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ እየሄድሁ ተቀመጥሁ። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ስለ ማሽላው ወፍ ያወራል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ዳግመኛ እንዳልመጣባቸው ነገሩኝ፤ አልሄድሁባቸውም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው እኚያ እናት ቤት የገባሁት። እስከዚያ ያልሄድሁት ስለፈራሁ ነው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ማሽላ ይለቅማሉ።

«እንዴት ከረሙ፣ እማማ?»

«አልሐምዱሊላህ። አለሁ። እናትሽ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት።»

«ደብተርሽስ?»

እንዳቃጠልሁትና ለምን እንዳቃጠልሁት ነገርኋቸው። እጃቸው ማሽላው ላይ ቆመ። «አበጀሽ» አሉ። «እዚህ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደሄደ ተጠይቀናል። አናውቅም ብለናል።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ለመሆኑ እኔን ምን ብለሽ ጽፈሽኝ ነበር?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር፤ ወረቀቱ የለም። «ጥገኛ ብዬ ነበር» አልሁ።

«ሰው ላይ የተንጠለጠለ ማለት ነው?»

«አዎ።»

አልተቆጡም። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ በሲባጎ የታሠሩ ሁለት ቁልፎች ጭኔ ላይ አስቀመጡ። «ዘጠኝ ነበሩ» አሉ። «ሰባቱ ባለቤቶቻቸው መጥተው ወስደዋል። እነዚህ ገና አልመጡም።»

ከዚያ ነገሩኝ። መንደሩ ሲወጣ እሳቸው በእግራቸው ምክንያት ቀሩ። ጎረቤት ሁሉ ቁልፉን እያመጣ ሰጣቸው። በየማለዳው በምርኩዛቸው እየተንቀሳቀሱ አንዱን ቤት ከፍተው ይጠርጋሉ፣ ዶሮውን ያበላሉ፣ እሳት ያነዳሉ። ሳያነዱበት የሚያልፉት ቤት የለም፤ ተራ ያወጡለታል። «ጭስ ያለው ቤት ሰው አለው ይባላል» አሉኝ። ከቤታቸው ቀጥሎ ደግሞ አልጋ የያዙ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ እኔ ተሳታፊ አሥራ አንድ ብዬ የመዘገብኋቸው። የማሽላ ገንፎ እየሠሩ ሦስት ወር አበሏቸው። ሽማግሌው ሲሞቱ እኚህ እናት ቤት ለቤት እየዞሩ የቀረውን ሽማግሌ ጠሩ። አራት ሆኑ። አራቱም ሙስሊሞች ናቸው። አስከሬኑን ተጋግዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አወጡ፤ ከዳገቱ በላይ የሚኖሩ አንድ ቄስ ወርደው ፍትሐት አደረጉላቸው። ጉድጓዱን እስከ ቀትር ድረስ ቆፈሩ፤ ሁሉም ሽማግሎች ስለነበሩ እየተቀባበሉ።

«ቅሬ ፈረሰ ብለው ነበር ሲወጡ» አሉኝ። «ቅሬ ማለት የቀረ ሰው አይደል? እኛ ቀርተን ነበር።»

ቁልፎቹን መልሼ እየሰጠኋቸው ጠየቅሁ። «እማማ፣ ይኼን ልጻፈው?»

«ጻፊው። ግን እንዳለ ጻፊው። የሁለት ቤት በር ሲሰበር አይቼ ዝም ብያለሁ። ከቤቴ እንኳ አልወጣሁም፤ ፈርቼ ነበር። ጀግና ናቸው ብለሽ ሰው እንዳታሥቂብኝ።»

«እሺ።»

ጥቂት ማሽላ ለቀሙና፣ «አንቺስ ያን ቀን በዚህ በታች ስታልፊ አላሰብሽንም?» አሉኝ።

«መገንጠያው ላይ ቆሜ ነበር። አልታጠፍሁም።»

«እናት ይዘሽ ነበርና» አሉ። ይቅርታ ይሁን ወይም እውነቱን መናገር ብቻ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ጥቂት ቆይተው ግን፣ «ይኼንንም ጻፊው» አሉኝ።

አማካሪዬ ሲሰሙ ርዕሱን አጸደቁት። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ሊናገሩ ፈቀዱ። እንደገና ሀ ብዬ ጀመርሁ። መብራት ስለሌለ በእጄ ነበር የምጽፈው። ከሥራ በፊት ያለችው የማለዳ ሰዓት የእኔ ሆነች፤ ደጃፋችን ላይ ጣውላ ዘርግቼ እስከ ቢሮ መግቢያ እጽፋለሁ። ወልድያ እየተመላለስሁ አማካሪዬ በቀይ እስኪርብቶ ይሰርዙልኛል። አንድ ምዕራፍ አራት ጊዜ መለሱልኝ። በአራተኛው ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ አለቀስሁ፤ መርሳ ስደርስ ግን አምስተኛውን ለመጀመር ወረቀት ገዝቼ ገባሁ። መብራት ሲመለስ ከተማዋ ውስጥ ባለ የጽሕፈት አገልግሎት መስጫ ሱቅ ተቀምጬ አስተየብሁት። ስለራሴ አካሄድ በሚያትተው ክፍል ውስጥ መገንጠያው ላይ ቆሜ እንዳልታጠፍሁ ጻፍሁ። አማካሪዬ ያንን ገጽ አንድም ቃል አልነኩትም።

ጽሑፌን ለገምጋሚዎች ላቀርብ ቀን በተቆረጠልኝ ሰሞን ጦርነቱ እንደገና ተቀሰቀሰ። ከቆቦ በኩል ሰው መውረድ ጀመረ፤ ከወልድያም ሰው ይወጣ ጀመር። ቀጠሮው ተሰረዘ። እናቴ ስንቋን መቋጠር ስትጀምር፣ «አንቺ ከጎረቤቶቻችን ጋር ወደ ደሴ ሂጂ፤ እኔ ሥራ አለኝ» አልኋት።

«ትሞቻለሽ» አለችኝ።

«እደርስብሻለሁ።»

በቀጥታ የቅሬው ዳኛ ዘንድ ሄድሁ። ጽሑፌ መጨረሻ ላይ፣ አደጋ ሲመጣ ቅሬው አረጋውያኑን አስቀድሞ በየቤታቸው ይጠይቅ የሚል ምክረ ሐሳብ አስፍሬ ነበር፤ አሁን በወረቀት ላይ የሚቆይበት ጊዜ አልነበረም። «አባ፣ ቤት ለቤት እንሂድ» አልኋቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ዞርን። ማን በጋሪ መውጣት እንደሚፈልግ፣ ማን እንደማይፈልግ፣ የሚቀረው ከማን ጋር አብሮ እንደሚያድር፣ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ለስንት ቀን እንደሚበቃው ጠየቅን። አንድም ስም አልጻፍንም፤ ዳኛው በቃላቸው ያዙት፣ እኔም በቃሌ ያዝሁ። ከጤና ጣቢያው የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ለምኜ ቀድሞ እንዲታደል አደረግሁ። አምስት ሰዎች በጋሪ ወጡ። እኚያ እናት አልወጡም።

«እንደ ባለፈው ብቻዎን አይሆኑም» አልኋቸው። «ሦስት ሆናችሁ በአንድ ቤት ነው።»

«የማን ቤት?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያው ገንፎ የምሠራበት ማሽላ ይፈጭልኝ» አሉ። አስፈጨሁላቸው።

በዚያ ዙር ውጊያው መርሳ አልደረሰም። እኔም ከከተማዋ አልወጣሁም። በየቀኑ ፈርቻለሁ፤ ቢሮ ግን በየቀኑ ከፍቻለሁ።

ሰላም ከወረደ በኋላ ጽሑፌን አዳዲስ የፕላስቲክ ወንበር በተደረደረበት ክፍል ውስጥ አቀረብሁ። ከሌላ ከተማ የመጡ ገምጋሚ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አጥኚ ገለልተኛ መሆን አለበት። አንቺ ከተጠኚዎችሽ ጋር ለቅሶ ተቀምጠሻል፤ መድኃኒት አድለሻል» አሉኝ።

«ለቅሶ ባልቀመጥ ኖሮ የሚያናግረኝ አልነበረም» አልሁ። «የተቀመጥሁበትን፣ ያደረግሁትንና ማድረግ ሲገባኝ ያላደረግሁትን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ማዳላቴን አንባቢው ከዚያ ይመዝነው።»

አስወጥተውኝ ተማከሩ።  ሲጠሩኝ ማለፌን ነገሩኝ፤ አንድ ምዕራፍ አሳጥሪ፣ የቃላት ትርጉሞችን አስተካክይ ተባልሁ። «ጥገኛ» የሚለውን ቃል ለምን እንዳልተጠቀምሁበት ያብራራሁበትን ክፍል ግን ይበልጥ አስፊው አሉኝ። በሁለት ሳምንት አስተካክዬ አስገባሁ።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለነበር አጠር አድርጌ በአማርኛ ጻፍሁትና ቅሬው ለወር ስብሰባው ዋርካው ሥር ሲቀመጥ አነበብሁላቸው። ስም የለውም፤ የማን ታሪክ እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል።  የቅሬው ዳኛ ሁለት ስሕተት አረሙኝ፤ አንደኛው የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት በየት በኩል እንደሚወጣ ነበር። እኚያ እናት የራሳቸውን ክፍል ደግሜ እንዳነብ አዘዙኝ። ስጨርስ፣ «ትክክል ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ የነበረ አንድ ጎልማሳ ተነሣ። ደብረ ብርሃን መጠለያው ውስጥ «ቤት ትጠብቃለች» ብሎኝ ፊቱን ያዞረው ሰው ነው፤ ስመለስ እናቱ ከሞቱት ሦስቱ አንዷ ነበሩ።

«የቀሩትን ጽፈሻል» አለ። «መልካም ነው። የወጣነውስ? እኛ በደስታ የወጣን ይመስልሻል?»

አንዳንዶች ዝም እንዲል በእጃቸው ጠቀሱት። እኔ ግን እውነቱን እንደሆነ ገባኝ። «አይመስለኝም» አልሁት። «እኔም ወጥቻለሁ።»

ሰው ሲበተን ዋርካው ሥር አጠገቡ ተቀመጥሁ። ብዙ ጊዜ መሬቱን በእንጨት ሲጭር ቆየ። ከዚያ ከሚኖርበት ከተማ ሊወስዳቸው በመጣ ጊዜ እናቱ የማለዳውን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ኪሱ ውስጥ እንደከተቱለትና «አንተ ሂድ» ብለው በሩን ከውስጥ እንደዘጉበት መናገር ጀመረ።